ቡቺ ተከትቧል?

ቅዳሜና እሁድ የምሠራው እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ያለ፣ ሁለት ሐኪሞች ብቻ ያሉት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ፈርተው ወንበር ሥር የገቡ ድመቶችን አባብዬ አወጣለሁ። እናቴ ሥራውን ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ “አንቺ ልጅ፣ ነርስነት አይደል እንዴ የምትማሪው? ውሻ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?” ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ለዘመድ ሲያወራ “ክሊኒክ ነው የምትሠራው” ይልና እዚያው ላይ ዝም ይላል። የማን ክሊኒክ እንደሆነ አይጨምርም።

እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መሳቅ ትቻለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚያ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ።

ክሊኒካችን በየወሩ መጀመሪያ ለደንበኞቹ አንድ ገጽ ጽሑፍ በኢሜይል ይልካል። ከላይ የክሊኒኩ ዜና አለ፤ በበዓል የምንዘጋበት ቀን፣ አዲስ የገባ መሣሪያ፣ የክትባት ቅናሽ ያለበት ቅዳሜ። ከሥሩ ምክር አለ። ሐኪሞቹ በዚያ ወር በብዛት ያጋጠማቸውን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። በሰመር ስለ መዥገርና ቁንጫ፣ በሙቀት መኪና ውስጥ ስለሚተው ውሻ። በሃሎዊን ሰሞን ስለ ቸኮሌት። በታንክስጊቪንግ ስለ ቱርክ አጥንት። ማንም አያነበውም ብዬ ነበር የማስበው።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አንዲት ሐበሻ እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር ትንሽ ነጭ ውሻ ታቅፈው መጡ። ውሻው ደክሟል፣ ድዱ ገርጥቷል፣ ሽንቱ የቡና መልክ ይዟል። ሐኪሟ “ምን በላ?” ብላ ጠየቀች። ልጁ፣ የእኛ እኩያ ነው፣ “የውሻ ምግብ” አለ። እናትየው ግን ወደ ልጃቸው ዞር ብለው በአማርኛ “የዶሮው ወጥ ተርፎ ነበር እኮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ነው የሰጠሁት፤ በዓል አይደል? ለእሱም ይድረሰው ብዬ ነው” አሉት። ልጁ አልተረጎመም። አፍሮ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ እኔ ተረጎምኩት።

ሐኪሟ ወዲያው ገባት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ጥሬ ቢሆን፣ ቢበስል፣ ደርቆ ቢፈጭ ልዩነት የለውም። ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው ድካሙ፣ የድዱ መንጣት፣ የሽንቱ መጥቆር የሚመጣው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከምን እንደሚሠራ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያ ሁሉ ቁሌት ሽንኩርት ነው። በላዩ ላይ የበሰለ የዶሮ አጥንት አለ፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እናትየው ውሻቸውን የጎዱት ስለወደዱት ነው። ውሻው ተርፏል፤ ግን ብዙ ቀን ተኝቶ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ነው።

ማታ ቤት ገብቼ የክሊኒኩን የቆዩ ኢሜይሎች ከፍቼ አየሁ። ሽንኩርት ለውሻ አትስጡ የሚለው ምክር ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ልጁም የክሊኒኩ ጽሑፍ ከሚደርሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ምክሩ ቤቱ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ልጁ ስልክ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ። ወጡን የምትሠራው፣ ትርፉን ለውሻው የምትሰጠው ሴት ዘንድ አልደረሰም።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን በልጁ ፈረድኩበት። “እንዴት ለእናቱ አይነግራትም?” አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን የእኔ ተራ መጣ።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ አያቴ ቤት ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ አያቆምም፣ ልጆች ቤት ውስጥ ታፍነው ይውላሉ። ግቢውን የሚጠብቅ ቡቺ የሚባል ቡናማ ውሻ አለ። ማታ ይፈታል፤ ቀን ደግሞ በሩ ሲከፈት ሹልክ ብሎ ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የስምንት ዓመቱ የአክስቴ ልጅ አጥንት ሊቀማው ሲታገል ቡቺ እጁን ነከሰው። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ደሙም ብዙ አልነበረም። አክስቴ በአረቄ ጠረገችለት፣ ደሙ እንዲቆም የቡና ዱቄት ነሰነሰችበት፣ በጨርቅ አሠረችው። ልጁም አለቀሰ፣ ተቆጡት፣ ዝም አለ።

እኔ “ቡቺ ተከትቧል?” ብዬ ጠየቅሁ።

ሁሉም ሳቁ። አጎቴ “እኛ መቼ ተከትበን ነው ቡቺ የሚከተበው?” አለ። አያቴም “የቤት ልጅ እኮ ነው ቡቺ፣ እብድ ውሻ አይደለም፤ አታስፈራሪን” አሉ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ከመጣሁ ጀምሮ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ሰላጣው በደንብ ይታጠብ ስል “የአሜሪካ ልጅ” የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። አንድ ተጨማሪ ጊዜ መባል አልፈለግሁም። በዚያ ላይ አማርኛዬ ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። “ቫይረስ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል” የሚለውን በእንግሊዝኛ ተምሬዋለሁ፤ አያቴ ፊት ቆሜ በአማርኛ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ ማታ ዝም አልኩ። ረቡዕም ዝም አልኩ። ልጁ በታሠረ እጁ ካርቱን ያያል፣ እኔ ቡቺን አየዋለሁ። ለሃጩ ይዝረከረክ እንደሆነ፣ ሲሄድ ይንገዳገድ እንደሆነ እያየሁ ሁለት ቀን አሳለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ላይ ኢሜይል ገባ። የክሊኒኩ የወሩ ጽሑፍ ነው። ከመሄዴ በፊት ራሴ ጽፌ ያዘጋጀሁት፣ በቀኑ ተልኮ እኔው ዘንድ ተመልሶ መጣ። የወሩ ምክር ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነበር። እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ንክሻው ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት ይላል። ሜሪላንድ ላሉ፣ ውሾቻቸው በሙሉ ለተከተቡ ሰዎች ይህን በእርግጠኝነት ጽፌ፣ ለአክስቴ ልጅ ግን ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ።

አያቴ ቡና ሊያፈሉ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ “እማማ፣ እኔ ፈርቻለሁ” አልኳቸው። በተሰባበረ አማርኛ ነገርኳቸው። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል፤ ውሻው ጤነኛ መስሎም በምራቁ ሊያስተላልፍ የሚችልበት ጥቂት ቀን አለ አልኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ጀበናውን አስቀምጠው አዩኝ፤ “ታዲያ ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አክስቴ የልጁን እጅ ፈትታ በሳሙና ረጅም ጊዜ አጠበችው። አጎቴ ቡቺን አሠረው። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ጣቢያ ክትባቱ አልቋል ተባልን። ሁለተኛው ቦታ ረጅም ወረፋ ጠብቀን አገኘን። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋውን ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት ግን አላገኘንም። ቡቺ አሥር ቀን ታስሮ ተጠበቀ። በአሥረኛውም ቀን ይበላል፣ ይጮሃል፣ ጭራውን ይቆላል። ልጁ ደህና ነው። ቡቺም ከዚያ በኋላ ተከተበ። የእሱ አንድ መርፌ፣ ለልጁ ከወጣው ገንዘብና ከነዚያ ቀናት ጭንቀት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ውጭ ያደግን ልጆች “ወላጆቻችን አይሰሙም፣ ባህሉ ነው፣ በጸበልና በቡና ዱቄት ነው የሚያምኑት” እንላለን። እኔም ብያለሁ። ያየሁት ግን ሌላ ነው። አያቴ ሰምተዋል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። የፋሲካዋ እናትም ብትሰማ ኖሮ ያን ወጥ አትሰጥም ነበር። ምክሩ በነጻ በየወሩ ይመጣል። የሚያነበው ልጅ አንድ ቋንቋ ያውቃል፣ ውሻውን የምትመግበው እናት ሌላ። በመሃል ሁለቱንም የምናውቅ እኛ አለን። እኛ ዝም ስንል ምክሩ ስልክ ውስጥ ይሞታል።

ስለ በሽታው ትንሽ ልጨምር፤ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ አለ። በንክሻ ወይም በጭረት ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ለመታየት ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፤ በሳምንት የሚታይበትም፣ ዓመት የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ይህ የጉዞ ጊዜ ነው እድላችን። ሳሙናው ቫይረሱን የሸፈነውን ስብ ያፈርሰዋል፤ ክትባቱ ደግሞ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ሰውነታችን እንዲቀድመው ያደርጋል። ምልክቱ አንዴ ከመጣ ግን ሰው ተርፏል የሚባለው እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ነርሲንግ ትምህርት ቤት ከተማርኳቸው በሽታዎች ሁሉ ይህን ያህል በአንድ ወገን ሙሉ በሙሉ የሚከላከሉት፣ በሌላ ወገን ሙሉ በሙሉ የሚገድል አላየሁም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ከውሻ ጋር የሚጫወቱት፣ አጥንት የሚቀሙት፣ ተነክሰውም እንዳይቆጧቸው የሚደብቁት ልጆች ስለሆኑ፣ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። እዚህ አሜሪካ በዓመት በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ከአሥር በታች ነው። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ተነግሯል። ቫይረሱ በሌሊት ወፍ፣ በራኩንና በቀበሮ ላይ ግን አሁንም አለ። ለዚህ ነው ሜሪላንድ ውስጥ ከአራት ወር በላይ የሆነ ውሻና ድመት በሙሉ እንዲከተብ ሕጉ የሚያስገድደው። የአሜሪካ ሕዝብ ከእኛ የበለጠ ብልህ ስለሆነ አይደለም። ውሾቹን ስለከተበ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ውሾች ላይ ወረርሽኝ መነሳቱ የተመዘገበው ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። የሉዊ ፓስተርን ስም የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻም አይደለም፤ ጉለሌ ያለውን ፓስተርን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። እናቶቻችን “ሆድ ላይ የሚወጋው፣ በየቀኑ የሚመላለሱበት መርፌ” የሚሉት ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው ክትባት ነው። በእኛ አገር ለረጅም ዘመን ያገለገለው እሱ ነበር። ያን ስቃይ የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ክትባቱን ይፈራሉ። ስለዚህ ይህን ለቤተሰባችሁ ንገሩ፦ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ተራ መርፌ ነው። ከዚህ በፊት ላልተከተበ ሰው እዚህ አሜሪካ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን።

በሽታው ሰው ላይ ብቻም አያቆምም። የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ውጭ የትም የለም፤ በአጠቃላይም ከ500 በታች ነው የቀረው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 በዚህ በሽታ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። ያመጣባቸው ከከብት ጠባቂ ጋር ወደ ተራራው የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው። እኛ በቲሸርታችንና በቴምብራችን ላይ የምንኮራበት እንስሳ ህልውናው የተንጠለጠለው እንደ ቡቺ ባሉ ውሾች ክትባት ላይ ነው።

ይህን ስናገር የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ስለሆኑ አልሸሻቸውም።

አንደኛው “ለሰው መድኃኒት በጠፋበት አገር ስለ ውሻ መርፌ ታወሪያለሽ?” የሚለው ነው። አጎቴ በቀልድ ያለው ይህንኑ ነው። መልሴ፣ የውሻው መርፌ ለልጁ ነው የሚል ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው በውሾች መካከል መተላለፉን ያቆማል። ውሻ ላይ ሲቆም ሰው ላይም ይቆማል። ሜክሲኮ ይህን አድርጋለች፤ ለአሥርተ ዓመታት ውሾቿን በዘመቻ ከትባ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ የሚመጣውን በሽታ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት። ሰው ከተነከሰ በኋላ የሚሰጠው ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን እጅግ ውድ ነው፣ ብዙ ቦታም አይገኝም። ለድሃ አገር ርካሹ መንገድ ውሻውን መከተብ ነው።

ሁለተኛው “ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ውሻ ሶፋ ላይ አናስቀምጥም” የሚለው ነው። አታስቀምጡ። ማንም ቡቺን ሶፋ ላይ አውጡት አላለም። ግቢ ውስጥ ይኑር፣ ትርፍራፊ ይብላ፣ ማታ ይጩህ። ውሻን የመውደድና ያለመውደድ ጉዳይ አይደለም። ያልተከተበ የግቢ ውሻ ከተከተበ የሶፋ ውሻ ይልቅ ለቤተሰቡ አደገኛ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጸበል የሚያምን ደግሞ ጸበሉን ይጠመቅ፤ ማንም አይከለክለውም። ክትባቱን ግን አይዝለል። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ልመናዬ።

በመጀመሪያ፣ እዚህ ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ፣ ከሐኪሙ የሚመጣውን ጽሑፍ አንብባችሁ አትዝጉት። ቤት ውስጥ እንስሳውን የሚመግበው ሰው ማን ነው? ለእሱ በአማርኛ ንገሩት። ሁልጊዜ የሚጠቅመው አጭር ነው፦ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ የበሰለ አጥንት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ አይሰጥም። የሰው ማስታገሻም እንደዚሁ፤ አንድ ታይሌኖል ድመትን ሊገድል ይችላል፣ አይቡፕሮፌንም የውሻን ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል። በበዓል ውሻው እንዲደሰት ከፈለጋችሁ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ትንሽ ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅላችሁ ለዩለት። ክትባቱ ውድ ከመሰላችሁ ደግሞ በየካውንቲው በቅናሽ የሚሰጥባቸው ቀናት ስላሉ ጠይቁ።

ቀጥሎ፣ በክረምት አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ስለ ቢጫ ወባ ስትጠይቁ ስለ እብድ ውሻም ሐኪማችሁን ጠይቁ። አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት አለ። ያን የወሰደ ሰው ቢነከስም ክትባት መውሰድ አለበት፤ ግን ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፣ ያ የማይገኘው ኢሚውኖግሎቡሊንም አያስፈልገውም። እዚያ ስትደርሱም ለአያታችሁ ከምታመጡት ሽቶና ጫማ ጋር የግቢውን ውሻ ክትባት ክፈሉ። ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሯቸው፦ ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ከተነከሱም 15 ደቂቃ ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና። አረቄና የቡና ዱቄት ይቅር፤ ቡናው ለመጠጥ ይሁን።

ውሻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኢትዮጵያ አሜሪካ በእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት አለባቸው ካለቻቸው አገሮች አንዷ ናት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ከእንደኛ ዓይነት አገር ሲመጣ የክትባት ማረጋገጫው ወረቀት ጥብቅ ነው። ወረቀቱ የሚሞላው ከመሄዳችሁ በፊት ስለሆነ ሐኪሙን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከአገር ቤት ቡችላ ይዤ እመጣለሁ የምትሉም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደንቡን እዩ።

የመጨረሻው ለማኅበራችን ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረው ሴፕቴምበር 28፣ ፓስተር ባረፈበት ቀን ነው። በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ማለት ነው። እኛ በዚያ ሰሞን ሁልጊዜ ፕሮግራም አለን፤ ደመራ እናበራለን፣ ወላጆቻችን ይመጣሉ፣ እንጀራ ይበላል። በዚያ ዕለት አንድ ጠረጴዛ ስጡን። ነርሲንግና ፋርማሲ የምንማር ልጆች አንድ ገጽ በአማርኛ እናዘጋጅ፤ ኦሮምኛና ትግርኛ የምትችሉ ደግሞ በየቋንቋችሁ አብራችሁን አዘጋጁ። የክሊኒኬን ሐኪም ጽሑፉን እንድታርምልን ጠይቄያታለሁ፣ በደስታ ብላለች። ሥራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንድ እናት ያን ወረቀት ወስዳ አገር ቤት ስልክ ደውላ “ውሻው ተከትቧል ወይ?” ብላ ብትጠይቅ ይበቃናል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ደወለልኝ። እጁን ወደ ካሜራው አቅርቦ ሁለቱን ነጠብጣቦች አሳየኝ፤ አሁን ለጓደኞቹ የሚኮራበት ጠባሳ ሆኗል። ከኋላው ቡቺ ይጮሃል። አያቴ ስልኩን ተቀብለው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ጎረቤታቸው አዲስ ቡችላ ማምጣታቸውን ነገሩኝና “እኔው ነገርኳቸው፣ አስከትቡት አልኳቸው” አሉ።

አያቴ ለጎረቤት ለመናገር አንድ ቀን አልዘገዩም። እኔ ሁለት ቀን ዘግይቻለሁ። እናንተ አትዘግዩ።